በሩ ሥር ያለው አልጋ

ድምፄ ትልቅ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ክፍል ሺፍት መሪ ነኝ። ማሽን ሳይቆም ሰው ጠርቶ የሚያሰማ ይመር ብቻ ነው እያሉ ሠራተኞቹ ያሾፉብኛል። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ። ክር ተበጥሶ ካየሁ መጀመሪያ የምጮኸው ማሽኑ አጠገብ በቆመችው ልጅ ላይ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያን ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደገባ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አባቴ ሰይድ የቢስቲማ ገበሬ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው ሲሰቃይ ከረመና ደሴ ወዳለ አንድ ሆስፒታል አምጥተን አስተኛነው። የደረሰው አልጋ በሩ ሥር ያለው ነበር። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ መስኮቱ ሥር ደግሞ አቶ አበጋዝ የሚባሉ የኩታበር ሰው ተኝተዋል። የእሳቸውም ሕመም ትንፋሽ ነው። ዕድሜያቸውም ከአባቴ ብዙ አይርቅም።

የአቶ አበጋዝ ባለቤት እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። እሳቸውና አጎቴ ሙሄ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አስታማሚ በሚቀመጥበት ግቢ አብረው ውለው አብረው ያመሻሉ። እሳቸው ያመጡትን እኛ እንበላለን፣ እኛ ያመጣነውን እሳቸው ይቀምሳሉ። «አንተ ሙሄ፣ የመጣኸው ወንድምህን ልታስታምም ነው ወይስ ምሳዬን?» ይሉታል። አጎቴም «ወላሂ ደብሪቱ፣ ያንቺ ሽሮ ባይኖር እኔም አጠገባቸው አልጋ ይዤ ነበር» ይላቸዋል።

በዚያ ክፍል አንድ የማልወዳት ሰው ነበረች። ነርስ ናት፣ ሲስተር ራሔል ትባላለች። ገና ወጣት ናት። ስትገባ ጉሉኮሱን ታያለች፣ ኦክስጅኑን ታያለች፣ መርፌዋን ወግታ ትወጣለች። አባቴ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ሲላት «እጅዎን» ትለዋለች። በቃ። ሲመርቃት እንኳ አሜን አትልም። አባቴ ምርቃቱ መሬት ሲወድቅበት ይከፋዋል፤ እኔ ደግሞ እሱ ሲከፋው ደሜ ይፈላል።

ያን ዕለት የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ ከኮምቦልቻ በጠዋት ወጣሁ። ስደርስ አስታማሚው ሁሉ ግቢ ውስጥ ነው። ሐኪሞች ታማሚ እየጎበኙ ስለሆነ በሩ ተዘግቷል። ፀሐይ ስትሞቅ ሲስተር ራሔል ብቅ አለችና «የሰይድ ቤተሰብ» ብላ ተጣራች።

ዘልዬ ተነሳሁ። አየችኝና ወደ ኋላዬ ተመለከተች።

«ትልቅ ሰው የለም?» አለች።

አጎቴ ሙሄ ቆቡን እያስተካከለ ሄደ። ግድግዳው ጥግ ቆመው ትንሽ አወሩ። እሷ መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትናገረው። አጎቴ ቆቡን አወለቀ፣ ከዚያ መልሶ አደረገው። አንድ ነገር ለመናት፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ገባች።

«ምን አለችህ?» አልኩት ሲመለስ።

«አብሽር፣ ምንም የለም። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ቤቱ ይውሰድ ብለዋል። ዛሬ ይዘነው እንገባለን። አንተ አሁኑኑ ውረድና ዘይነባን አምጣት። አባቷ ሊያያት ይፈልጋል።»

ዘይነባ እህቴ ናት፣ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። «መጀመሪያ ልግባና ልየው» አልኩ።

«እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አይገባም ብለዋል። ሂድ ብዬሃለሁ!»

አጎቴ ጮሆብኝ አያውቅም። ነገሩ ደስ አላለኝም። ግን ቤቱ ይገባል ማለት ተሽሎታል ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እንቅልፍ እየጣለኝ ወረድኩ። ዘይነባን ከቤቷ ይዣት ስመለስ ለአባቴ የገዛችለትን አዲስ ጋቢ ታቅፋ ነበር። ሽቅቡን አጋምሰን ስልኬ ጠራ። የአገሬ ልጅ አህመድ ነው፣ ከቢስቲማ።

«ይመር፣ ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለት። ሰብሩን ይስጣችሁ። ከዋንዛው ሥር መቆፈር ጀምረናል። ከደሴ ስትነሱ ደውሉልን።»

«ለማን ነው የምትቆፍሩት?» አልኩት።

«አጎትህ አልነገረህም እንዴ?» አለኝ።

ያኔ የጠዋቱ ነገር ሁሉ ገባኝ። የኛን አገር ታውቁታላችሁ። መርዶ ለልጅ መንገድ ላይ አይነገርም። ትልቅ ሰው ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። ጉድጓዱን ያስቆፍራል፣ ዘመድ ያሰባስባል፣ ልጆቹን በሆነ ሰበብ ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ ሰው በተሰበሰበበት ይነገራል። አጎቴ እንደ ወጉ አድርጎ ነው የዋሸኝ። በዚሁ ወግ ምክንያት ሬሳውን ገልጦ ለማየት እንኳ እንዳልገባ የሰማሁት በኋላ ነው። ልጆቹ ነገሩን ከፊቴ ላይ ያነቡብኛል ብሎ ፈርቶ፣ «መኪና ይዤ እስክመጣ እዚያው ይቆይልኝ» ብሎ ነርሷን ለምኖ ነበር የሄደው።

ዘይነባ ከአፌ ሳይወጣ ከፊቴ አነበበችው። ጩኸቷን ለቀቀችው። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ፤ ተሳፋሪው ሁሉ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለ ያዛት። ለአጎቴ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልኩ ተይዟል። እኔ አላለቀስኩም። ያቺ ነርስ ነበረች ዓይኔ ላይ የምትመላለሰው። አባቴ እየሞተ እንኳ «እጅዎን» ብላው ይሆናል እያልኩ ተቃጠልኩ። ይቺን ልጅ ከሥራዋ ሳላስወጣት አልተኛም ብዬ ማልኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ያገኘናቸው እማማ ደብሪቱን ነው። የአጥሚት ፔርሙዝ ይዘው የምሳ ሰዓቱን መግቢያ እየጠበቁ ነበር።

«ምነው ልጆቼ? ምን ሆናችሁ?»

«አባታችን ሞተ!» አለች ዘይነባ።

እማማ ደብሪቱ ፔርሙዙን መሬት አስቀመጡት። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ደረታቸውን መቱ። «ሰይዴ! የኔ ደግ! ትናንት አይደለም እንዴ በጥበቃው በኩል ኮክ የላክልኝ! አንተ ሰው አክባሪ፣ እንግዲህ አበጋዝን ማን ያጫውትልኛል?» እያሉ አለቀሱ። ዘይነባን አቅፈው፣ እንባዋን በነጠላቸው እየጠረጉላት፣ ክፍሉ በር ድረስ ደግፈው አመጧት። ጥበቃው እኔንና እህቴን አስገብቶ እሳቸውን «ትንሽ ይጠብቁ እማማ» አላቸው።

በሩ ሥር ያለው አልጋ በመጋረጃ ተከልሏል። ዘይነባ ጋቢውን እንዳቀፈች መሬት ተቀመጠች። እኔ መጋረጃውን ያዝኩ። ልገልጠው ስል ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ቀስ በሉ! አበጋዝ ተኝቷል!»

አባቴ ነበር። መስኮቱ ሥር፣ ትራስ ተደግፎ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፋበት።

ዘይነባ መሬት ለመሬት ሄዳ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። እኔ የሳቅኩ ይመስለኛል። እጁን ያዝኩት፣ ይሞቃል። «ምን ሆናችኋል? ማነው የሞተው?» ይላል አባቴ እያፈራረቀ እያየን።

«እዚህ ምን ትሠራለህ? አልጋህ እዚያ አይደለም ወይ?» አልኩት።

«ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሰላት ስነሳ አበጋዝ ይንቀጠቀጣል። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ነው የደፈኑት፤ የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ። እኔ ተሽሎኛል፣ በሩ ሥር ይሞቅሃል፣ እኔም ፀሐዩን እያየሁ ሰላቴን አውቃለሁ አልኩትና ተቀያየርን። እዚህ ያደሩ የሌላ ታማሚ አስታማሚዎች ደግፈው አሻገሩን። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ስነቃ አልጋውን ጋርደውታል።»

«ለነርሷ አልነገራችሁም?»

«የታለችና! በዚያን ሰዓት የወዲያኛውንም ክፍል እሷው ነበረች የያዘችው።»

ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞርኩ። ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ። ከበሩ ውጭ የእማማ ደብሪቱ ለቅሶ ይሰማል። ለአባቴ እያለቀሱ ነው።

በዚህ መሃል ሲስተር ራሔል የመድኃኒት ሳህን ይዛ ገባች። ይኼን ድምፄን ለቀቅኩባት። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። ሰው በቁሙ ገደልሽ አልኳት፣ ጉድጓድ አስቆፈርሽ አልኳት፣ «ከሥራሽ ሳላስባርርሽ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አልኳት። ታማሚው ሁሉ ቀና አለ። እሷ ቆማ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አላለችም።

«የትኛው አልጋ ነው?» አለች።

ወደ አባቴ ጠቆምኳት። ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ መጋረጃው ሄደች። ከፍታ ገባች። አንሶላውን ገልጣ ፊታቸውን ስታይ አየኋት። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«አቶ አበጋዝ ናቸው» አለች ለራሷ።

«ሰው ፊት አይታይም እንዴ?» አልኳት። አሁንም እየጮህኩ ነበር።

«እኔ ፊታቸውን አላይም» አለችኝ። «ጉሉኮሱን ነው የማየው፣ አልጋውን ነው የማውቀው። ፊታቸውን ያየሁ ቀን ቤቴ ገብቼ አልተኛም። መጀመሪያ ስቀጠር አይ ነበር። ሁሉንም በስማቸው እጠራቸው ነበር። ሐኪሙም መሞታቸውን አረጋገጠ እንጂ ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀኝም። ትናንት ማታ የገባሁ ነኝ፤ ጠዋት የምትቀይረኝ ልጅ አልመጣችም። ታማለች አሉ። ሁለት ክፍል ነው የያዝኩት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ያባርሩኝ። ቢያባርሩኝ እተኛለሁ።»

ለቁጣ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ያለ መልስ አይጠብቅም። እኔ ሰው የድካም ሰበብ ሲያቀርብልኝ ኖሯል፤ ከሁለት ሺፍት በኋላ ክር የምታስበጥስ ልጅ ሁሉ የሆነ ነገር ትለኛለች። ይቺ ግን ሰበብ አላቀረበችም። ባዶዋን ነበረች።

ተነሳች፣ ጋውኗን አስተካከለች። «ልነግራቸው ነው» አለችና ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ከአጎቴ ሙሄ ጋር ተገጣጠሙ። መኪናውን አምጥቶ ወንድሙን ሊረከብ ነው የገባው። አባቴ ከመስኮቱ ሥር «ሙሄ! አንተ ነህ የገደልከኝ?» አለው። አጎቴ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለና ግድግዳውን ተደገፈ። ሄዶ አቅፎት አነባ። ነገሩን አጠር አድርጌ ነገርኩት። ስጨርስ ዕንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ነርሷ መጣ። እኔ የጀመርኩትን ይጨርስልኛል ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ ወዴት ነሽ?» አላት።

«ለባለቤታቸው ልንገራቸው።»

«ብቻሽን?»

«ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምናገረው አባባ።»

አጎቴ መንገዷ ላይ ቆመ። «መርዶ ለብቻ ይነገራል?» አላት። «በኛ አገር ሽማግሌ ተጠራርቶ ነው የሚሄደው። እኔ ይኼን ያህል አርጅቼ አንድም መርዶ ብቻዬን ተናግሬ አላውቅም፣ ሰው ከጎኔ ካልቆመ ጉልበቴ አይችልም። ተናግረንም አብረን እናለቅሳለን፣ ቀናት እንቀመጣለን። አንቺ ከተናገርሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?»

«መርፌ የሚሰጠው ሰው ይኖራል» አለች።

ይኼን ስትል ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ ክፍል የሞተውን ሰው ሁሉ መርዶ የምትናገረው ይቺ ልጅ ናት። ተናግራ ወዲያው ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። የሚያስለቅሳት የለም፣ የሚያስተዛዝናት የለም፣ ቁጭ በይ የሚላት የለም። ስለዚህ ፊት ማየት አቆመች። እኔ ብሆን ከዚያም በፊት አቆም ነበር።

አጎቴ ከኩታበር የመጡ አንድ ሌላ አስታማሚ ሽማግሌ ጠራ። እኔንም «ና» አለኝ። ነርሷን መሃል አድርገን ወጣን።

እማማ ደብሪቱ ቆመው ነበር። ፔርሙዙን ይዘዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። አጎቴን ሲያዩ «ሙሄ፣ ወንድሜ፣ እንዴት አስቻለህ» ብለው ሊያቅፉት መጡ። ከዚያ አረማመዳችንን አዩ። ሽማግሌውን አዩ። ነርሷን አዩ። ቆሙ።

«ለኔ ነው የመጣችሁት?» አሉ።

ፔርሙዙ ከእጃቸው ሲንሸራተት ሲስተር ራሔል ነበረች የያዘችው። ከዚያ አቀፈቻቸው። አጎቴ በአንድ በኩል፣ ሽማግሌው በአንድ በኩል ያዟቸው። እማማ ደብሪቱ ቀድመው ለአባቴ ያወጡትን ለቅሶ አሁን ለባላቸው ደገሙት። ነርሷም አለቀሰች። ያለ እፍረት፣ ጋውኗን ለብሳ አለቀሰች። ጥበቃው ዝም ሊያሰኛት ሲመጣ እኔ በደረቴ ገፋሁት። ድምፄ ትልቅ ነው ብያችኋለሁ፤ «ተዋት፣ ታልቅስ!» አልኩት።

አጎቴ ለወንድሙ ብሎ ያመጣው መኪና አቶ አበጋዝን ይዞ ወደ ኩታበር ሄደ። ዘይነባ አባቷ ዘንድ ቀረች፣ እኔና አጎቴ አብረን ሄድን። አስከሬኑ ሲጫን ሲስተር ራሔል ፔርሙዙን ለእማማ ደብሪቱ ልትመልስ መጣች። እሳቸው እጇን ይዘው ፊቷን አዩትና «እህል ቀምሰሻል?» አሏት። አልቀመሰችም። «ጠጪው። ትኩስ ነው» አሏትና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ቢስቲማ ከዋንዛው ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ ተመልሶ ተደፈነ። አባቴ ድኖ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው እሱን ለማየት ነው። «ደግሞ ክረምት ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ! ይኼን ያህል ነው የምትወዱኝ?» ብሎ ቆፋሪዎቹን አሳፈራቸው። መንደሩ ለወራት ሳቀበት።

ነርሷን ለማስባረር የማልኩትን ትቼ፣ ከአጎቴ ጋር አለቆቿ ዘንድ ገባሁ። ተቀያሪ ስጧት አልን። ሰውዬው በትሕትና ሰማን፤ እውነት ነው አለ፣ የሰው እጥረት አለ አለ፣ ለበላይ አመልክተናል አለ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ነርስ መኖሩን አላውቅም። እንዲያው ስለዚህ ጉዳይ ጥሩ መጨረሻ ነገረን እንድትሉኝ አልፈልግም። በዚያ ክፍል የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አጎቴ እስክንወጣ ድረስ ለአስታማሚው ሁሉ እየዞረ «መርዶ ሲሆን ልጅቷን ብቻዋን እንዳትልኳት» ሲል ነበር። የነበሩት ለመጪዎቹ ነገሩ። አሁንም እንደሚደረግ ሰምቻለሁ።

እኔም ፋብሪካ ስገባ የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር። ክር ተበጥሶ ሳይ እንደ ልማዴ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ መጀመሪያ የልጅቷን ፊት አያለሁ። ፊት ከታየ በኋላ መጮህ እንዴት እንደሚያስቸግር ሞክራችሁ እዩት። ሁለተኛ ሺፍት ቀጥዪ የምለውንም ሰው አሁን መርጬ ነው፤ ከነጭራሹ ቀርቷል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። እናንተም ሆስፒታል ስትገቡ ሰላምታችሁን የማትመልስ ነርስ ታጋጥማችሁ ይሆናል። ተቆጡ አትቆጡ አልልም። ግን ስንት ሰዓት እንደገባች ጠይቋት።

አባቴ ባለፈው ክረምት ያው ትንፋሽ ተነሳበት። ያው ሆስፒታል፣ ያው ክፍል ገባ። ሲስተር ራሔል አሁንም እዚያው ነበረች። «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ሲላት አልጋው ጫፍ ላይ ለአፍታ ተቀምጣ «ዛሬስ ከማን ጋር ተቀያየሩ?» ትለው ነበር። ሲመርቃት አሜን ትላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔና ዘይነባ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተከፈተ። አጎቴ ሙሄ በአንድ በኩል፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በሌላ በኩል፣ መሃላቸው ሲስተር ራሔል። አረማመዳቸውን አየሁ። ዘይነባ እጄን ያዘች።

«ለኛ ነው የመጣችሁት?» አልኩ።

ሲስተር ራሔል ቀጥ ብላ አየችኝ። «ፊታቸውን አይቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ።» ዕንባዋ ይወርድ ነበር።

አብረን ተቀምጠን አለቀስን። ትንሽ ስንረጋጋ ጋውኗን አራግፋ ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ተቀያሪሽ መጥታለች?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አልመጣችም ነበር።